የሥጋ ሻጩ ቦሎቄ

የልጅ ልጄ ትናንት አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል፤ ላዩ ላይ አንዲት ጥርሰ ብዙ ሴት ጥቅል ጎመን እንደ ሕፃን ታቅፋ ትስቃለች። ዋጋውን ስትነግረኝ ጎመኑን ከነእርሻው የገዛች መሰለኝ።

«ቪጋን ነው አያቴ» አለችኝ። «ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ለጤና ነው። ቀላልና ርካሽ መጽሐፍ ስፈልግ ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ርካሹ ይኸ ነው?»

«አዎ።»

«ውዱን የገዛችውማ ቤቷን ሸጣ ነው።»

አኮረፈች። ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ማለት አማራት፤ ዋጠችው። ብትለውም አይከፋኝም። እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ግቢ የረገጥኩት ልጆቼ ሲደባደቡ ተጠርቼ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ የመጨረሻው ልጄ ጠረጴዛ ላይ ሲያጠና ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። እሱ በቀጥታ፣ እኔ በግልባጭ። እስከ ዛሬ ጋዜጣ ዘቅዝቀው ሲይዙልኝ ይቀለኛል። ይህንንም የምጽፈው እኔው ነኝ። የተጣመመ ፊደል ካያችሁ የእጄ ጥፋት ነው፤ የተጣመመ ወሬ ግን አታገኙም።

ስለ ቀላልና ርካሽ የምግብ መጽሐፍ ፍለጋ ለኔ የሚነግረኝ ሰው ግን ገና አልተወለደም። እናቴ ፈልጋ ስታገኝ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የተነሳ ገበያ መሀል ጮኼ አባቴን እንዳዋረድኩ ወንድሞቼ ይኸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያወራሉ። ሰርግ ላይ ያወራሉ፣ ለቅሶ ላይ ያወራሉ። «ሱቁን የዘጋችው» ነው ስሜ። እነሱ ያን ጊዜ አንዱ ይድሃል፣ አንዱ ገና አልተወለደም። የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

አባቴ ሥጋ ሻጭ ነበር። ከገበያው አዳራሽ ጀርባ ስምንት ሥጋ ቤቶች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ነበር፤ የኛ ከዳር ሦስተኛው። ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ግድግዳ፣ ሥጋ የሚሰቀልበት የብረት ቆልማማ፣ መሀሉ ከመክተፍ ብዛት እንደ ገበቴ የጎደጎደ ግንድ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ይነሰነሳል። ጠዋት ስገባ የሰጋቱራውና የቀዝቃዛ ሥጋው ሽታ አንድ ላይ ይቀበለኛል፤ ዛሬም አናጺ ቤት በር ላይ ሳልፍ ሥጋ ሥጋ ይሸተኛል።

በረድፉ አንድ ደንብ ነበር። ቀትር ሲሆን እያንዳንዱ ሥጋ ሻጭ ከዕለቱ ሥጋ አንድ ቁራጭ ይቆርጥና ለሰው ያሳያል። ከባንኮኒው ሥር ባለችው የከሰል ምድጃ ይጠብሰዋል። ከዚያ በሩ ላይ ይቆምና በቢላዋው ጫፍ ወግቶ፣ ገበያተኛው እያየው ይበላል። ራሱ ያልበላውን የሚሸጥ ሥጋ ሻጭ አይታመንም፤ ነገሩ ይኸው ነው። የቀትሯን ቁራጭ ያልበላ ሰው ከሰዓት በኋላ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። አባቴ ይህን ደንብ ሃያ ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድል በልቷል።

ረድፉን ቀጥ አድርጎ የሚጠብቀው ከፊት ለፊታችን ያለው ጉልቤው ነበር። ስሙን ያወጣለት አንገቱ ነው፤ ራሱና ትከሻው መሀል ምንም አልነበረም። ከሱ ሌላ ደግሞ ቀረጥ የምንለው ቡናማ ውሻ ነበር። ቀረጥ ያልነው ከስምንቱም ቤት ድርሻውን ሳይቀበል ስለማይተኛ ነው። ሰው ቢረሳው እሱ አይረሳም፤ በር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ መንግሥት ይጠብቃል።

አንድ ጠዋት ከቤት ቁርሱን ይዤ ስሄድ አባዬን መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ እንደ ግድግዳው ነጭ ሆኖ።

«አባዬ ምን ሆንክ?»

«ሞራ አዳለጠኝ፣ የኔ ልጅ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

ለእናቴ ነገርኳት። ገና ከበሩ ሳልገባ ነው የነገርኳት። ያዳለጠው ሞራ እንዳልነበረ የሰማሁት ኋላ፣ ከገበያተኛው ሁሉ ጋር ነው። በማግስቱ እናቴ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙም ልቡ መታመሙን ነገራቸው፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አፉ እንዳይገባ፤ ከገባ ሁለተኛ ሲወድቅ የሚያነሳው የለም። ሁለቱም ሰሙ፣ ሁለቱም ተማከሩ። ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለምን? አፌ ሰፊ ነዋ። ልክ ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እናቴ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣች። እስቲ አስቡት፤ ከቤታችን ፊደል የሚያውቅ ዝንብ እንኳ አልነበረም። አባቴ የሚለየው የሚዛኑን ቁጥር ብቻ ነበር። እናቴ ግን ከሽሮ በቀር ሥጋ ከተነሳበት ማዕድ ምን እንደሚቀር አታውቅም፤ የሥጋ ሻጭ ልጅ፣ የሥጋ ሻጭ ሚስት ናት። ‹የሚያውቅ ሰው አንድ ቦታ ጽፎታል› አለች። አነበበችም አላነበበችም፣ ሐሳቡ የሷ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ባለ መስታወቱ መጻሕፍት ቤት ነው። ወለሉ ያንሸራትታል፤ ኮቴያችን ይጮኻል። ከረባት ያሰረው ሻጭ እናቴን ከሻሿ እስከ ጫማዋ አያት።

«ሥጋና ቅቤ የሌለበት የምግብ አሠራር መጽሐፍ እፈልጋለሁ» አለችው። «ቀለል ያለ፣ ዋጋውም የማይጎዳ።»

አንድ አወረደላት። ሥዕሉ ያምራል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው አትክልት ግን በኛ ገበያ ታይቶ አይታወቅም። ዋጋውን ነገራት። ከዚያ ፈገግ አለና «ለመሆኑ ማንበብ ይችላሉ እናቴ?» አላት።

እናቴ መጽሐፉን ዘጋችው። «እኔ አበስላለሁ ልጄ። አንተ የምታነበውን ትበላዋለህ?»

ወጣን። እኔ ፊቴ በኀፍረት ሲቃጠል እሷ በር ላይ ቆማ የጫማዋን አቧራ እዚያው ምንጣፋቸው ላይ አራገፈች። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለች፤ «ነይ እንሂድ።»

ያገኘችው ከአዳራሹ ደረጃ ሥር አሮጌ መጽሐፍ በጆንያ ዘርግቶ ከሚሸጠው ሽማግሌ ነው። መነጽሩ እንለዋለን፤ አንዱ መስታወት የተሰነጠቀ፣ ሌላው በክር የታሰረ መነጽር ነበረው። በሕይወቱ ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ፣ ዳቦና ወሬ ብቻ የሚበላ ሰው። እናቴ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ አናገረችው። እኔ ጥቂት ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት፤ ‹ባሌ›፣ ‹ማንም እንዳይሰማ› እና ‹ካወቁብን አለቀልን› የሚለው ብቻ ደረሰኝ።

መነጽሩ ጆንያውን ሲበረብር ቆየና ሽፋን የሌለው፣ ጀርባው በሙጫ የተጨማለቀ ነገር አወጣ። የፊቱ ገጾች የሉም። «አጀማመሩ ጠፍቷል» አላት፤ «ግን ሥጋ የሚል ቃል የለበትም፤ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሽፋን ስለሌለው የሁለት ዳቦ ዋጋ ስጪኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ አንዳንድ ገጽ አነብልሻለሁ።»

እናቴ መጽሐፉን ከሻርፗ ሥር ደበቀችው። ያ መደበቅ ነው እኔን ያሳበደኝ። ሰው የሚደብቀው የሰረቀውን ነው፣ ወይም የሚጎዳውን። እናቴ ሌባ አይደለችም።

የመጀመሪያውን ገጽ ያን ዕለት አነበበላት። «ቦሎቄ፣ አሥር ኪሎ። ቀይ ሥር፣ አራት ኪሎ። ሽንኩርት፣ ሦስት ኪሎ።»

«አሥር?» አለች እናቴ።

«አሥር ይላል።»

«አሥር ኪሎ?»

«እኔ ምን ላድርግሽ? የተጻፈው ነው።»

እናቴ ከሰው ጋር ስትከራከር ሦስት ነጋዴ ታስለቅሳለች። ከጽሑፍ ጋር ግን አትከራከርም ነበር። እኛ ፊደል የሌለን ሰዎች ለተጻፈ ነገር ያለን ክብር ይገርማል፤ ወረቀት የሚዋሽ አይመስለንም። አሥር ኪሎ ቦሎቄ ገዛች፤ በሸክም አስመጣች።

ቦሎቄ ሲነከር እጥፍ ይሆናል። ድስት ሞላ፣ ባልዲ ሞላ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሞላ፣ የታናሽ ወንድሜ መታጠቢያ ሞላ፤ ልጁ ለሁለት ቀን ሳይታጠብ ቀረ። ጠዋት ስነሳ ቤቱ በሙሉ ቀይ ፍሬ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ እንዲያ ያለ ምግብ የሚሰናዳው መቼ እንደሆነ አውቅ ነበር። የጎረቤታችን ባል የሞተ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለቀብር ለሚመጣ ሰው ነው።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም። አፍሽን ያዢ።»

ማንም ካልሞተ እንግዲህ ሊሞት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሒሳብ ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ ከቁጥር በቀር ሒሳብ አይጠፋኝም።

ቦሎቄውን አምስት ቀን በላነው። ለጎረቤት አደልን፤ ጎረቤቶቹ በአራተኛው ቀን በር መክፈት አቆሙ። የቀረውን አንድ ሳህን ለቀረጥ ወሰድኩለት። አሽትቶ፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን አንድ ጊዜ እኔን አየና እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አዞረ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

መነጽሩ ጥፋቱን ያገኘው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ወደ መሀል ሲያነብ አንድ መስመር ላይ ቆመና መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መጽሐፉ ለአንድ ትልቅ የሕሙማን ማረፊያ ወጥ ቤት የተጻፈ ነበር፤ ልኩ ሁሉ ለመቶ ሰው ነው። ያን የሚለው ገጽ ከጠፉት ጋር ጠፍቷል። እናቴ አልሳቀችም። ጥቂት አሰበችና እጇን ቦሎቄ ከሚሸጥበት ጆንያ ውስጥ ከተተች፤ ጨብጣ አወጣች። «አሥር ኪሎ ለመቶ ከሆነ» አለች፣ «ለአንድ አፍ አንድ እፍኝ።» ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ እፍኝ ነው ያካፈለችው፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እስቲ ያ ባለ ከረባት ይምጣና ያካፍል።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በሯን ዘግታ ትሠራ ጀመር። ቦሎቄውን ቀቅላ ትፈጨዋለች፤ ቀይ ሥሩን ፍቃ ትጨምቅበታለች፤ ሽንኩርትና በርበሬ ትጨምራለች፤ በመዳፏ ጠፍጥፋ በዘይት ትጠብሰዋለች። በቁልፉ ቀዳዳ አያታለሁ። እጇ እስከ አንጓዋ ቀይ ነው። ሲጠበስ ጠርዙ ይጠቁራል፣ መሀሉ እንደ ጥሬ ሥጋ ይቀላል። ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ ለኔ ትሰጠኛለች።

«ለአባትሽ ብቻ። እንዳትከፍቺው። ሰው ቢጠይቅሽ ምንድን ነው ትያለሽ?»

«አላውቅም እላለሁ።»

«ጎሽ። እውነትሽን ነው፤ አታውቂም።»

አባዬ ደግሞ ተቀብሎ ከባንኮኒው ሥር ያኖራል። ቀትር ሲሆን ከተሰቀለው ሥጋ ቆርጦ ያሳያል፣ ወደ ምድጃው ጎንበስ ይላል፣ ለሽታው ሞራ ከሰሉ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ቀና ሲል ቢላዋው ጫፍ ላይ ያለው የእናቴ ነው። ከውስጥ ቆሜ ስለማይ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን አባዬ እናቴ ያለችውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ‹ብላ› ካለችው ሚስማርም ይበላል። የሚበላው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

አባዬ ከሳ። መጀመሪያ ጉንጩ ሄደ፣ ቀጥሎ ሆዱ። ቀበቶውን በሚስማር አንድ ቀዳዳ ጨመረበት፤ ከዚያ ሌላ። ሦስተኛውን ሲበሳ እኔ ነበርኩ ሚስማሩን የያዝኩለት። «ደግ ነው» እያለ ያፏጭ ነበር። ሊሞት ነው፣ ያፏጫል!

ለአክስቴ እንዳልነግራት አክስቴ የናቴ እህት ናት። ለጎረቤት እንዳልናገር ጎረቤት ቦሎቄ ጠልቷል። እኔ ራሴ ወረቀቱን በየቀኑ በእጄ አደርሳለሁ። ሌሊት አይደለም ያለቀስኩት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ፣ ጥቅሉን ደረቴ ላይ አድርጌ። ሁለት ጊዜ ልጥለው ፈልጌ እናቴን ፈራሁ። እናቴን የማይፈራ አላዋቂ ነው።

ያበቃልኝ አንድ ቅዳሜ ነው። እናቴ ደረጃው ሥር ለመነጽሩ እንዲህ ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ፤ «እግዜር ይስጥህ። ሰውየው እየከሳ ነው። እየሠራ ነው!»

እሱም «እንግዲህ እንዳታቋርጪ» አላት። «እስከ መጨረሻው ግፊበት።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ የናቴን ቀሚስ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሰኞ ቀትር ላይ ጥቅሉን አደረስኩ፤ አባዬ እንደ ሰሞኑ ግንባሬን ስሞ ቶሎ አሰናበተኝ። እስከ ረድፉ ጫፍ ሄድኩ። እግሬ እንቢ አለ። ዞሬ ስመለስ ገበያተኛው በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተኮልኩሏል፤ ጉልቤው በሩ ላይ ቆሞ የራሱን እያላመጠ አባዬን ያያል። ሰሞኑን ዓይኑን ከሱ ነቅሎ አያውቅም፤ የሥጋ ሻጭ መክሳት አጠራጥሮታል። አባዬ ቁራጩን በቢላዋ ጫፍ ወግቶ፣ ቀና ብሎ፣ ወደ አፉ ሲያስጠጋ አየሁት።

«አባዬ አትብላ!»

ገበያው ቀጥ አለ። እኔም ከጀመርኩ ወዲያ ማቆሚያ የለኝም፤ «አትብላ! እማዬ ልትገድልህ ነው! ሥጋ አይደለም የምትልክልህ! መጽሐፍ አላት! ለቀብርህ አሥር ኪሎ ቦሎቄ ነክራለች!»

የአባዬ እጅ ተንቀጠቀጠ። ከቢላዋው ጫፍ ላይ ቁራጩ ወደቀ። መሬት ሳይነካ ቀረጥ ቀለበውና ጅራቱን እያወዛወዘ በሰው እግር መሀል ይዞት ሮጠ። እሱን ያየ የለም፤ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር።

ጉልቤው መንገዱን በሦስት እርምጃ ተሻገረ። ከባንኮኒው ጀርባ ገብቶ ጎንበስ አለና ጥቅሉን አወጣ። ውስጡ ያለውን በሁለት ጣቱ ሰበረው። ገለባው ታየ።

«ቦሎቄ!» አለ፤ ድምፁ እስከ አትክልት ተራ ድረስ ይሰማል። «እናንተ ሰዎች! ሥጋ ሻጩ ቦሎቄ ይበላል! እሱ የተጠየፈውን ነው ለእናንተ የሚመዝንላችሁ!»

ሳቁን አልረሳውም። የሚስቅ ገበያ ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። አንዲት ሴት የገዛችውን ሥጋ ባንኮኒው ላይ መልሳ ወረወረች። ማን ጠርቷት እንደሆነ አላውቅም፣ እናቴም ደርሳ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር፤ እጇ ቀይ እንደሆነ፣ ሳትታጠብ።

አባዬ የተሰቀለውን ሥጋ አየ። ቀላል ነበር እኮ፤ አንድ ቁራጭ ቆርጦ፣ ጠብሶ፣ እዚያው ፊታቸው ቢበላ ነገሩ ያልቃል። «የልጅ ወሬ ነው» ቢል ይስቁና ይሄዳሉ። ቢላዋውን አነሳ። እናቴ ከኋላ ሆና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ቢላዋውን ግንዱ ላይ ሰካው። ከጉልቤው እጅ ላይ የተሰበረውን ቦሎቄ ወሰደ፤ አንዱን ግማሽ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ዋጠ። ሁለተኛውንም።

«ሥጋዬ ጤነኛ ነው» አለ። «የታመመው የኔ ልብ ነው። ሐኪም ከለከለኝ፤ ቦሎቄ እበላለሁ። የሚያፍር ይፈር፣ እኔ አላፍርም።»

ከዚያ እኔን ብድግ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠኝ። መቀጥቀጤ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ይቺ ልጅ» አለ፣ «አባቷን ሊገድሉ ነው ብላ በናቷ ላይ ጮኸች። ከእናንተ መሀል እንዲህ የሚጮህለት ያለው እጁን ያውጣ።»

ይህን ወንድሞቼ ሲያወሩ ይዘሉታል።

ደፋር ንግግር ግን ሥጋ አይሸጥም። ያን ሳምንት ሰው በደጃፋችን ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። ጉልቤው ዘፈን አውጥቶልን በየቀትሩ እያላመጠ ያንጎራጉራል። ሥጋው ተሰቅሎ ይውላል፤ ጥቅሙ ለቀረጥ ብቻ ሆነ። አርብ ዕለት አባዬ ቤት ገብቶ «በቃ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ፊታቸው ልብላ» አላት።

«ብላና ቀብርህን ላሰናዳ» አለችው። «ያኔ የልጅህ ወሬ እውነት ይሆናል።» ከዚያ መጽሐፉን ከአልጋው ሥር አወጣችው። «ይኸን መጽሐፍ እስከ ዛሬ በእፍኝ እየቆነጠርኩ አስቀይሜዋለሁ። ነገ እንደተጻፈው ነው የምሠራው።»

አሥር ኪሎ። አራት ኪሎ። ሦስት ኪሎ። አክስቴ መጣች፣ መነጽሩ መጥቶ ሽንኩርት ልጦ አለቀሰ፤ ያ የመጀመሪያው ሥራው ይመስለኛል። ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ስምንቱም ምድጃ ሲጨስ፣ እናቴ ትልቁን መጥበሻ በሥጋ ቤታችን በር ላይ ጣደች። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ በዚያ ሦስት ነጋዴ በሚያስለቅሰው ድምፅዋ «ቦሎቄ ነው!» አለች። «አልደበቅኩም! ዳቦ ውስጥ ከትቼ፣ ከሥጋ በሩብ ዋጋ! ልቡ የሚሠራም የማይሠራም ይብላ!»

መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ጉልቤው እየሳቀ ጭኑን ይመታል። ከዚያ አንድ ተሸካሚ፣ በሥጋ ረድፍ ሲያልፍ ሃያ ዓመት ሽታ ብቻ የበላ ሰው፣ ጆንያውን አውርዶ ቆመ። በላ። ሌላ ጨመረ። «ወንድሞች» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «እነዚህ ሰዎች ሲያሙት የነበረው ይኼን ነው?»

ተሸካሚዎቹ መጡ። ጠራጊዎቹ መጡ። መቶው አለቀ፤ መጥበሻውን በዳቦ ጠረጉት።

ሥጋ ቤቱ በዓመቱ ተዘጋ፤ እውነት ነው፣ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። በዚያው በር ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ይህንንም የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሞቼ የተማሩት በዚያ ቦሎቄ ነው። አባቴ በአጥንት መጥረቢያው ሽንኩርት እየከተፈ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረ። ጉልቤው ግንዱ ሥር ሲወድቅ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ሚስቱ በጓሮ በር፣ ተሸፋፍና መጣች። ሰውየው ተርፏል፤ ሐኪሙ የተናገረውን እኛ በቃል እናውቀዋለን።

«መጽሐፉን አዋሽኝ» አለቻት እናቴን።

«መጽሐፉን አላውስም» አለች እናቴ። «ቁጭ በይ፤ ጆሮሽን ስጪኝ።» የመጀመሪያውን ገጽ በቃሏ አነበበችላት። ስትጨርስ «እፍኝሽን አሳዪኝ» አለቻት፤ ጥቂት ሰፊ ስለነበረ ቀንሳ ጨበጠችላት።

አሁን ወንድሞቼ የማያውቁትን ልንገራችሁ።

አባቴ አርጅቶ ግቢ ውስጥ ቦሎቄ ሲለቅም አንድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። «አባዬ» አልኩት፣ «ያ ቀረጥ ቦሎቄ አይበላም ነበርኮ።»

እጁ ቆመ። ወደ ወጥ ቤቱ ተመለከተ፤ እናቴ ውስጥ ድስት ታማስላለች። «ዝም በይ» አለኝ፤ «ትሰማለች።»

«ከቢላዋው ጫፍ ላይ የወደቀውን ግን ቀልቦ ሮጠ።»

«ጉልቤው ዓይኑን ሲተክልብኝ እፈራ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የናትሽ ቦሎቄ ደግሞ አንዳንዴ ቢላዋው ላይ ይፈረካከሳል። ያን ቀን ጥቅሉን ሳልፈታ ተውኩት፤ የተጠበሰው ሥጋው ነበር። ያን ቀን ብቻም አይደለም። ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ደረቴ እንደገና ጀምሮኝ ነበር፤ ለናትሽ አልነገርኳትም።» ቦሎቄውን በጣቱ አገላበጠ። «‹አትብላ› ስትዪኝ፣ ያየሽኝ መስሎኝ ነው ቢላዋው የተንቀጠቀጠው።»

እናቴ ይህን ሳታውቅ ሞተች። እሱም ተከተላት።

እንግዲህ ይኸው ነው። ስለ እናቴ ያሰብኩት ሁሉ ስሕተት ነበር፤ አንድም አልቀረኝ። ጩኸቴ ግን በሰዓቱ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ የጮህኩት ጅቡ ቢላዋው ጫፍ ላይ እያለ ነው። ወንድሞቼ ‹አዋረደችው› ይበሉ። ዛሬም አባቴ በዚያ በር ላይ ቆሞ ባየው፣ ምንም ሳላውቅ፣ ምንም ሳላነብ፣ እንደገና እጮሃለሁ።

የልጅ ልጄ መጽሐፏን ትታ ያንን ሽፋን አልባ ስታገላብጥ ውላለች። «አያቴ፣ ልኩ ሁሉ ለመቶ ሰው ነው» አለችኝ፣ ሳቋን እየያዘች።

«አውቃለሁ» አልኳት። «እፍኝሽን አሳዪኝ።»